ስልኬን ማን ከፈተው?

ጸጉር ሠሪ ወሬ ይወዳል ትላላችሁ፤ እውነት ነው፣ እወዳለሁ። ይህችን ግን ለደንበኞቼ እንኳ አውርቼ ጨርሻት አላውቅም። ጀምሬ፣ መሀል ላይ «ተዉት ባካችሁ» ብዬ ሌላ ነገር አነሳለሁ። ዛሬ ግን ይውጣልኝ ብያለሁ። በተለይ እናንተ ከሰው ሸሽታችሁ፣ ልጅ አዝላችሁ የምትኖሩ እህቶቼ፣ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ጽጌ እባላለሁ። ያኔ ሀና ማርያም አካባቢ ከጓደኛዬ ከሄለን ጋር አንዲት ጠባብ ጸጉር ቤት ነበረችን። ሹሩባ እንሠራለን፣ እንተኩሳለን፣ ሰውም እናማለን። የምኖረው ለቡ ነው፤ ከልጄ ከሶስና ጋር፣ በአንዲት ክፍል ቤት። ሶስና ገና አንደኛ ክፍል መግባቷ ነበር።

አባቷ ብሩክ ይባላል። ኤሌክትሮኒክስ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። በሰው ፊት ማር ነው፤ እናቴን «እማዬ» እያለ ጉልበቷን ይስማል። ቤት ሲገባ ግን እጁ አያርፍም። መጀመሪያ ሲጠጣ ነበር የሚመታኝ፤ ኋላ ላይ መጠጡን ተወ፣ መምታቱን ግን አልተወም። ልጄን ይዤ በወጣሁ ማግስት በእህቴ በኩል መልእክት ላከብኝ፤ «የትም ብትገባ አገኛታለሁ። ያን ቀን ልጄን ይዤ እሄዳለሁ፤ ሁለተኛ አታያትም።» ብሩክ የዛተውን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የት እንደምኖር ከእናቴና ከሄለን በቀር ለማንም አልነገርኩም። እናቴንም በማርያም ስም አስማልኳት።

አከራዬ ጋሽ ቶላ ናቸው። ለቡ ሕንጻ ሳይበቅልባት፣ ጤፍ ይዘራባት በነበረ ጊዜ ጀምሮ እዚያው የኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ዛሬም ከቤቱ ጀርባ ላሞች አሏቸው። ደግ ናቸው እንዳልል ክልክላቸው አያልቅም። ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት ክልክል፣ የማያውቁትን ሰው ማስገባት ክልክል። ያንን ጥቁር የብረት በር ደግሞ እሳቸው ካልከፈቱት ማንም አይከፍተውም። «የምከፍልበት ቤት እኮ ነው! እስረኛ ነኝ እንዴ?» እያልኩ ስንቴ ተነጫንጬአለሁ።

የድሮ ስልኬም እንደዚያው ነበር። አብሮት የመጣውን የማልፈልገውን ኮተት ላጥፋ ስል «አይቻልም» ይለኛል። ጥሪ ልቅዳ ስል «አልተፈቀደም»። «በቃ ስልኩም አከራይ ሆነብኝ!» ብዬ ሄለንን አስቄአታለሁ። በገዛ ዕቃዬ ላይ የሚፈቅድልኝና የሚከለክለኝ ማን ነው? ደሜ ይፈላ ነበር፣ እውነቴን ነው።

እንዲህ ስነጫነጭ አረብ አገር ያለችው እህቴ በመንገደኛ አዲስ ስልክ ላከችልኝ። ዕቃው የገባው ብስራተ ገብርኤል፣ እናቴ ቤት ነው። በዚያው አገር ኔትወርክ የተቆለፈ ስለሆነ የእኛን ሲም አይቀበልም፤ ዲኮድ መደረግ ነበረበት። እኔ ልወስደው ስሄድ እናቴ አስከፍታ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ጠበቀችኝ።

«አንድ የማውቀው ልጅ ከፈተልሽ» አለች ደስ ብሏት። «ዲኮድ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሁሉንም ነገር ከፍቼላታለሁ፣ ያሻትን ታጥፋ ያሻትን ትጫን፣ ሙሉ ሥልጣን አላት ብሏል።»

«እሰይ! ማን ነው እሱ? ልመርቀው።»

«እኔ መርቄዋለሁ። ተይው።»

ተውኩት። ስልኩ እውነትም ያሉትን ሁሉ ይሰማል፤ ያሻኝን አጠፋሁ፣ ያሻኝን ጫንኩ፣ ነገሥኩ። ሁለት ነገር ብቻ ነበረበት። ሲበራ ቢጫ ምልክት ያለበት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያወጣል። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደንበኛችን አነበበችልን፤ «ይህ ስልክ ተከፍቷል፣ መታመኑን ማረጋገጥ አይቻልም ይላል» ስትል፣ ሄለን «እኛስ ማን አምኖን!» አለችና ሳቅን። ሁለተኛው፣ የባንኬ አፕ አልሠራም አለ። «ይህ ስልክ ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» ብሎ ይዘጋብኛል። «ሂድ ወዲያ፣ ቀናተኛ!» ብዬ ሰድቤ ተውኩት።

አሁን ወደ ቀኑ ልግባ።

ክረምት ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው እየጮህን ነው የምናወራው። የአንዲት ወይዘሮ ጸጉር ግማሹን ተኩሻለሁ። ሶስና አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ከወለል የለቀመችውን ቁርጥራጭ ዊግ ለአሻንጉሊቷ ትቀጥላለች። ስልኬ ነዘረ። ቁጥሩን አላውቀውም።

«ሶሲ ቢጫው ሹራብ ያምርባታል።»

ሶሲ ብሎ የሚጠራት በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው። ቀና ብዬ ልጄን አየኋት። ቢጫ ሹራብ ለብሳለች። መተኮሻው ከእጄ አመለጠኝ።

«ኧረ አቃጠልሽኝ!» አሉ ወይዘሮዋ።

«ሄለን! ውጭ ሰው ቆሟል?»

ሄለን በሩ ድረስ ሄዳ አንገቷን አወጣች። «ማንም የለም። በዚህ ዝናብ ማን እብድ ይቆማል? ምን ሆንሽ አንቺ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ!»

ስልኩ እንደገና ነዘረ። «ውጭ አትፈልጊኝ።»

እናቴ ድረሽ! በመስኮት አየሁ፣ ከመጋረጃው ኋላ አየሁ፤ እንደ ሞኝ ከጸጉር ማድረቂያው ሥር ሁሉ አየሁ። ሦስተኛው መልእክት መጣ።

«ፓስፖርትም አታወጪም። ልጄን ይዘሽ የትም አትሄጂም።»

እዚህ ላይ ነው የደረቅኩት። ፓስፖርት አውጥቼ ከልጄ ጋር ከዚህ አገር ልጥፋ ማለቴን የነገርኩት ለአንድ ሰው ነው። ለሄለን። እዚችው ቤት ውስጥ፣ ሰው ሳይኖር፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ሄለንን አየኋት። እሷም አየችኝ። እንጀራ አብረን የቆረስን፣ ስታመም ልጄን ያሳደረችልኝ ጓደኛዬ፣ በዚያች ደቂቃ ባዕድ ሆነችብኝ። «ለካ አንቺ ነሽ» አልኩ በሆዴ።

ሶስናን ብድግ አድርጌ ቦርሳዬን አነሳሁ።

«ጽጌ! ወዴት ነው? ምን አየሽ? ንገሪኝ እንጂ!»

«አትንኪኝ!»

«የእኔ ጸጉርስ?» ይላሉ ወይዘሮዋ፤ ግማሹ ቀጥ፣ ግማሹ ቆሞ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ሄለን እያለቀሰች በሩ ላይ ቆማ ስትጠራኝ ወደ ኋላ አልዞርኩም።

የለቡ ሚኒባስ አገኘሁና ከኋላ ወንበር ተወሸቅኩ። አብረውን የተሳፈሩትን አንድ በአንድ አየኋቸው። አንድ ሽማግሌ፣ ሁለት የግንባታ ሠራተኞች፣ ጎመን የያዘች ሴት። ብሩክ የለም። ትንሽ ተነፈስኩ። ወዲያው ስልኩ ነዘረ፤ «ወደ ለቡ ነው?»

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ረዳቱ «እናት፣ እዚህ ፌርማታ የለም» ሲል «አውርደኝ አልኩህ!» ብዬ አምባረቅኩበት። ቤቴን እየመራሁ የማሳየው መስሎኝ ነው። ካልተጨረሰ ሕንጻ አጠገብ፣ ጭቃ ላይ ወረድን። ከእኛ ጋር አንድም ሰው አልወረደም። ኋላችን መኪና የለም። አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ዝናብ ብቻ። ሶስና ጣቴን ጨብጣ «እማ፣ ምን አጠፋሁ?» ትለኛለች።

ስልኩ ነዘረ።

«ለምን ወረድሽ? ልጄን ዝናብ አታስመቻት።»

አልዋሻችሁም፣ ያኔ ብሩክ ሰው መሆኑን ተጠራጠርኩ። መስቀሌን ይዤ «ወላዲተ አምላክ» እያልኩ ሮጥኩ። የት እንደምሄድ አላሰብኩም። እግሬ የወሰደኝ ወደዚያው ወደ ጥቁሩ የብረት በር ነው፤ ሌላ የማውቀው በር አልነበረኝም። በሁለት እጄ ደበደብኩት። ጋሽ ቶላ ጆንያ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ከፈቱልን።

«ምነው? ጅብ አየሽ?»

«ይዝጉልኝ ጋሽ ቶላ! ባክዎን ይዝጉልኝ!»

ዘጉ። ሌላ አልጠየቁም። ክፍሌ ገብቼ ሶስናን ልብስ ቀየርኩላትና ብርድ ልብስ አለበስኳት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሰብ ጀመርኩ። ሄለን የፓስፖርቱን ነገር ልትነግረው ትችላለች፤ እሺ። ከሚኒባስ መውረዴን ግን እንዴት ታውቃለች? ያየኝ ሰው የለም። ሹራቡስ? ጠዋት ገና ከቤት ሳንወጣ ሶስናን በሹራቧ ፎቶ አንስቻት ነበር። ለእህቴ ልልከው ብዬ፣ ሥራ ረፍዶብኝ ሳልልከው ቀረሁ። ፎቶው ያለው ስልኬ ውስጥ ብቻ ነው።

ስልኩን አየሁት። አጠገቤ፣ ትራሱ ላይ ተኝቷል። እባብ ያየሁ ያህል ራቅ አልኩ።

ልፈትነው አሰብኩ። ሆን ብዬ ጮክ አልኩ፤ «ሶስና፣ ተነሺ፣ በጓሮ በር ወጥተን ወደ አያትሽ ቤት ልንሄድ ነው።» ልጄ ግራ ተጋብታ አየችኝ። ጋሽ ቶላ ግቢ ውስጥ የጓሮ በር የሚባል ነገር የለም፤ ከጀርባ የላሞቹ በረትና የድንጋይ አጥር ብቻ ነው። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። ብዙ አልቆየም።

«በጓሮው በር ብትወጪም እዚያው አገኝሻለሁ። ቀርቤአለሁ።»

አላየኝም ማለት ነው። እየሰማኝ ነው። ያወራሁትን ሁሉ፣ ጸጉር ቤት፣ አልጋዬ ላይ፣ ከልጄ ጋር ስጸልይ የምለውን ሳይቀር ሲሰማኝ ከርሟል። የሄለን ፊት ትዝ ሲለኝ አፈርኩ። ግን ለማፈርም ጊዜ አልነበረኝም፤ «ቀርቤአለሁ» ብሏል። ስልኩን በፎጣ ጠቅልዬ ዱቄት ባልዲ ውስጥ ቀበርኩትና ሶስናን አቅፌ ወደ ጋሽ ቶላ ቤት ሮጥኩ።

በእሳቸው ባለ ቁልፍ ስልክ መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ደወልን። «ሰው እንልካለን፣ በሩን እንዳትከፍቱ» አሉን። ቀጥሎ እናቴ ጋ ደወልኩ፤ አያትሽ ቤት ልንሄድ ነው ማለቴን ሰምቷልና እሷንም እንዳይተናኮላት ፈራሁ።

«እማ፣ በርሽን ዝጊ! ብሩክ አግኝቶኛል። ስልኬ ውስጥ የሆነ ነገር አስገብቶብኛል።»





«ኧረ ልጄ… ብሩክ እንዲህ አያደርግም። እሱ እኮ ተለውጧል። ስልክሽን የከፈተልሽ እኮ እሱ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«መጥቶ እግሬ ሥር ወድቆ አለቀሰ። ልታረቅ ብሎ። ስልኩን አይቶ እኔ በነፃ ልሥራላት፣ ማን እንደሠራው ግን አትንገሪያት፣ ስንታረቅ ትሰማዋለች አለኝ። ነገሩ እንዲለዝብ ብዬ ነው፣ ጽጌዬ፤ ልጅ ያለ አባት እንዳታድግ ብዬ። አድራሻሽን እኮ ከአፌ አላወጣሁም! ማርያምን! አንድ ቀን አልነገርኩትም!»

ልመልስላት አፌን ስከፍት የብረቱ በር ተንኳኳ።

ቀስ ብሎ ነው የተንኳኳው። እንደ እንግዳ። ጋሽ ቶላ በዓይናቸው ወደ በረቱ አሳዩኝ። ሶስናን ይዤ ገብቼ ከላሟ ጎን፣ ድርቆሹ ላይ ተቀመጥኩ። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማኛል።

«አባቴ፣ ይቅርታ፣ ብሩክ እባላለሁ። ሚስቴና ልጄ እዚህ ናቸው። ትንሽ ተጋጭተን ነው። ልወስዳቸው መጥቼ ነው።»

እንዴት ያለ ለስላሳ ድምፅ! ባላውቀው እኔም እከፍትለት ነበር። ሶስና «አባዬ…» ስትል አፏን በእጄ ከደንኩት። ትንፋሿ መዳፌን ያሞቀኛል፤ ልቧ እንደ ጫጩት ልብ ይመታል። የምታለቅሰው እሱን ፈርታ ይሁን እኔን፣ ዛሬም አላውቅም።

ዝናቡ አባርቶ ነበርና ጎረቤት መሰብሰብ ጀመረ። አንድ የጎረምሳ ድምፅ «ጋሽ ቶላ፣ የባልና ሚስት ጠብ ነው፣ ይክፈቱለት» አለ። አንዲት ሴትም ተቀበለች፤ «ኧረ ይግባና ይነጋገሩ! አባት አይደለም እንዴ? ልጁን ማየት ነውር ነው?» ሌላው «እኛ እናስታርቃቸዋለን» አለ። ብሩክ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቶቼ» ይላል። እኔ እዚያ ድርቆሽ ላይ፣ አለቀልኝ አልኩ። በሀገራችን ለእርቅ የማይከፈት በር የለም። እናቴም የከፈተችው በዚሁ ነው። ሶስናን ከዛሬ ወዲያ የማላያት መስሎኝ ጸጉሯን አሸተትኩት።

የጋሽ ቶላን እግር ሰማሁ። ወደ በሩ ሳይሆን ወደ እኔ መጡ። የበረቱ ደፍ ላይ ቆመው ዝቅ ባለ ድምፅ «አንቺ ተናገሪ» አሉኝ። «ይግባ?»

እስከዚያን ጊዜ ድረስ ስለዚያ በር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«አይግባ፣ ጋሽ ቶላ። ልጄን ሊወስዳት ነው። አይግባ!»

«በቃ» አሉ። ተመልሰው ሄዱና «አትገባም» ሲሉት ሰማሁ። «ሴትዮዋ አይግባ ብላለች። እናንተም ወደየቤታችሁ።»

ለስላሳው ድምፅ እዚያ ላይ አለቀ። «አንተ ሽማግሌ! ልጄን ደብቀህ…» ብሎ በሩን በእርግጫ መታው። ላሟ ደነበረች። በሩ ሲንገጫገጭ፣ ጫማው ብረቱን ሲቧጥጥ ሰማሁ፤ እየወጣበት ነው። «ኡኡ!» ብዬ ጮህኩ፤ ምን ያህል እንደጮህኩ አላውቅም፣ ድምፄ ለሳምንት ተዘግቶ ነበር። ጋሽ ቶላ ከላይ የገባውን እጁን በዱላቸው መቱት። ይሄኔ ነው ያ «ይክፈቱለት» ያለው ጎረምሳ ራሱ እግሩን ጎትቶ ያወረደው። ፖሊሶቹ ሲደርሱ መሬት ላይ ይዘውት ነበር። ቦርሳው ሲፈተሽ በሶስና ልክ አዲስ ጫማ፣ ለማግስቱ ጠዋት የተቆረጠ የሁለት ሰው የአውቶቡስ ትኬት ተገኘ። የሁለት ሰው። እኔ እዚያ ውስጥ አልነበርኩም።

ጣቢያ ስልኩን ያየልን ባለሙያ ዱቄቱን እያራገፈ ያስረዳኝን ላካፍላችሁ። «ሠሪዎቹ የስልኩን አንድ ጓዳ ለባለቤቱም ጭምር ቆልፈው ነው የሚሰጡት» አለኝ። «ያ ጓዳ ከተከፈተ፣ እዚያ የገባ ነገር ይሰማሻል፣ ፎቶሽን ያያል፣ ያለሽበትን ያውቃል፤ አንቺ ግን አታይውም። ተዘግቶ ቢሆን እንዲህ መደበቅ ይከብደው ነበር። ሲበራ ያስጠነቅቅሽ የነበረውም፣ ባንክሽም እምቢ ያለው ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ለእኛ አዝነው ነው የሚቆልፉት?»

ሳቀ። «ለእናንተም ለራሳቸውም። የጫኑትን እንዳታጠፊባቸው፣ ከእነሱ ገበያ ውጭ እንዳትወጪባቸው ጭምር ነው።»

እኔ እንግዲህ ሁለቱንም ይዣለሁ። አሁንም በገዛ ስልኬ ላይ «አይቻልም» ስባል እናደዳለሁ፤ ብናደድም ሲያንሰኝ ነው፤ የገዛሁት ዕቃ የእኔ ነው። መክፈት የሚፈልግ፣ የሚያደርገውን አውቆ፣ በገዛ እጁ ቢከፍት መብቱ ነው እላለሁ። የእኔ ግን ሙሉ ሥልጣን ለእኔ ተሰጠ ተብሎ ለሌላ ሰው ነው የተሰጠው፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። ስለዚህ እህቶቼ፣ ሌላ ሰው «ሁሉን ከፍቼልሻለሁ» ብሎ የሚሰጣችሁን ስልክ አትቀበሉ። ባል ይሁን፣ ወንድም ይሁን፣ የሰፈር ልጅ ይሁን። ተቀብላችሁ ከሆነም፣ ሲበራ የሚያወጣውን ጽሑፍ አስነብቡና አትሳቁ።

ሄለን ይቅር ብላኛለች። ለአንድ ሳምንት አኮረፈችኝ፣ ከዚያ «ሰላይ ብሆን ኖሮ ይሄኔ ሀብታም ነበርኩ» ብላ ቀለደችብኝ። ብሩክ ታስሮ ነበር፤ አሁን በዋስ ወጥቷል። እኛም ለቡን ለቀናል። ዕቃችን ሲጫን ጋሽ ቶላ ከበራቸው ላይ ቆመው ሶስናን ባረኳት።

እናቴ በሳምንት በሳምንት ትደውላለች። ሁልጊዜ ታለቅሳለች። «አድራሻሽን እኮ ከአፌ አላወጣሁም፣ ልጄ» ትለኛለች።

«አውቃለሁ፣ እማ።»

«አሁንስ የት ሰፈር ናችሁ?»

«ደህና ነን፣ እማ።»

እወዳታለሁ። ሶስናን ይዤ፣ ስልኬን ቤት ትቼ ብስራተ ገብርኤል እሄድላታለሁ፤ አብረን ምሳ እንበላለን፣ ጉልበቷን እስማለሁ። የምኖርበትን ቤት ግን እናቴ አታውቀውም።